የሚኒባስ በር ሽፋን ከቃጫ፦ የጋራዥ ማስታወሻ፣ ጎንደር

ጥር 15

ከጥምቀት በኋላ የመጀመሪያው ሥራ። ከፒያሳ አዘዞ የሚመላለስ ዶልፊን ሚኒባስ ገባ፤ የተንሸራታች በሩ የውስጥ ሽፋን በስብሷል። ማዞኒት ነው፤ ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ። ክረምት በመጣ ቁጥር ታችኛው ጠርዝ ውሃ እየጠጣ አብጧል፣ የብሎኑ ቀዳዳ ሰፍቷል፣ በጣት ሲነካ እንደ በሶ ይረግፋል። በቁም ሲለካ 110 በ56 ሴንቲ ሜትር፣ ጠፍጣፋ ነው፤ ጥጎቹ ብቻ ክብ ናቸው።

እስከ ዛሬ የምናደርገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ሌላ ማዞኒት ቆርጠን ቪኒል እናለብሳለን፣ ወይ ባለቤቱ ከከፈለ በፋይበር ግላስ እንሠራለን። ሁለቱም አንገሽግሾኛል። ማዞኒቱ ሁለት ክረምት አይሻገርም። ፋይበር ግላሱን ስንሞርድ ረዳቴ ሌሊቱን ቆዳውን ሲያክ ያድራል፤ ቁርጥራጩ ቆሻሻ መጣያ ላይ ይጣልና ሰው በእሳት ይለቀዋል፤ ጭሱ ወደ መንደር ይገባል።

በቃጫ ልሞክር ነው። የአውሮፓ ፋብሪካዎች የተልባ፣ የሄምፕ፣ የኬናፍና የሲሳል (የእኛው ቃጫ) ጭረት በር ሽፋን ውስጥ ከከተቱ ቆይተዋል። እኔ የፈለግሁት ግን «ከተክል ነው» ተብሎ ብቻ እንዳይታለፍ ነው። ወደ ሥራው የሚገባውንም ከሥራው የሚወጣውንም እመዝናለሁ። መነሻ፦ ደረቅ ማዞኒት በዚህ ልክ ተቆርጦ 1.85 ኪሎ። የበሰበሰው አሮጌ ከበሩ ሲወርድ ውሃውን እንደያዘ 2.3 ኪሎ።

ጥር 22

ቅዳሜ ገበያ ገመድ ከሚሸጡ እናት ሦስት ኪሎ የተፋቀ ቃጫ ገዛሁ፤ በኪሎ 160 ብር። ለገመድ ስላልሆነ ገና ያልተገመደውን ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ላልተገመደ ቃጫ የሚከፍል ሰው አይቼ አላውቅም» አሉኝ። ሲፋቅ ማየት እንደምፈልግ ነግሬያቸው በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ።

ቃጫው የተተከለው በቦረቦር ዳር ነው፤ አፈሩን ይዞላቸዋል። ውሃ አይጠጣም፣ ማዳበሪያ አይፈልግም። ቅጠሉን ጣውላ ላይ አስተኝተው በደነዘ ቢላ ይፍቁታል፤ አረንጓዴው ሥጋ ይወርድና ነጩ ጭረት ይቀራል። 20 ኪሎ ቅጠል መዝነን ፋቁ፤ ከደረቀ በኋላ 780 ግራም ጭረት ወጣ፤ ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። የተቀረው ጭማቂና ዝቃጭ ነው፤ እጅ ያሳክካል። እሳቸው ማሳ ጥግ ይከምሩታል። ድሮ ወንዝ ውስጥ ይዘፈዝፉት እንደነበር፣ ከብት ያንን ውሃ እምቢ ሲል እንደተውት ነገሩኝ። እንደ ብራዚልና ታንዛኒያ ባሉ አገሮች በማሽን በሚፋቅበት ሰፊ እርሻ፣ ይህ ዝቃጭ ወንዝ ከገባ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። በሁለት ጣውላ ሥራ መሬት ላይ መከመሩ ችግር አይደለም። በሺህ ቶን ሲሆን ነው ችግሩ።

የካቲት 1

የመጀመሪያው ስህተት። ጭረቱ ሬዚን (በፈሳሽነቱ ተቀብቶ የሚደርቀውን ማጣበቂያ) እንዲይዝ በኮስቲክ ሶዳ መታጠብ አለበት ይባላል፤ እውነት ነው፤ የላዩን ሰምና ሙጫ መሰል ነገር ያነሳለታል። አንድ ኪሎ ሶዳ በ20 ሊትር ውሃ በጠበጥኩ፣ ሦስት ሰዓት ዘፈዘፍኩ። ጭረቱ ነጥቶ፣ ለስልሶ ወጣ። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ማለቅለቁ መጣ። ጣት ላይ የሚያሟልጨው እስኪጠፋ አምስት ጊዜ፣ በድምሩ 100 ሊትር ውሃ። ለ600 ግራም ጭረት! አንገረብ ግድብ ላይ ውሃ ሲቀንስ በፈረቃ የምንጠጣ ሰዎች ነን። የተዘፈዘፈበትን 20 ሊትር ደግሞ የት ላፍሰው? የጋራዡ ቦይ ቀሐ ይገባል፤ ቀሐ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና። በአቼቶ ላምክነው ብዬ አሰላሁ፤ አንድ ኪሎ ሶዳን ለማምከን 5 በመቶ የሆነ አቼቶ 30 ሊትር ይፈጃል። ረዳቴ የአሮጌ ባትሪ አሲድ እንጨምርበት አለ፤ ከለከልኩት፤ እርሳስ አለበት። ውሃውን በጀሪካን ዘግቼ አስቀመጥኩ። አሁንም እዚያው ነው፤ የቆሸሸ ሞተር ማጠቢያ አድርጌ በጥቂት በጥቂቱ እየተጠቀምኩበት ነው። ሶዳ ከእንግዲህ የለም።

የካቲት 11

ፖሊስተር ሬዚኑ መንገድ ተዘግቶ ከአዲስ አበባ ዘግይቶ ደረሰ። በኪሎ 780 ብር። ሰም የተቀባ ላሜራ ላይ ቃጫውን በእጅ አበጥሬ በተንኩ፣ ሃርድነር 1.5 በመቶ ቀላቅዬ በብሩሽና በሮለር አጠጣሁ።

ቃጫ ፋይበር ግላስ ውስጥ እንዳለው የመስታወት ጭረት አይተኛም። ይነሳል፣ ይጠቀለላል፣ ሮለሩ ላይ ይጣበቃል። ከሁሉ የከፋው ጠጪነቱ ነው፤ 1.3 ኪሎ ይበቃል ብዬ ያዘጋጀሁት ሬዚን ግማሹን እንኳ ሳያርስ አለቀ። ሌላ ስቀላቅል የመጀመሪያው መድረቅ ጀመረ፤ በሁለቱ መካከል ነጭ መስመር ቀረ። ጠቅላላ ሬዚን 1.95 ኪሎ።

በማግስቱ አወጣሁት። ጠንካራ ነው፤ በጉልበቴ ልሰብረው ብል እምቢ አለ። ውፍረቱ 3.4 ሚሊ ሜትር። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 2.5 ኪሎ። በዚሁ ልክ ባለፈው ዓመት በፋይበር ግላስ የሠራነው 1.9 ኪሎ ነበር።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና። በዚህ ዘርፍ ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ስሌት፣ አንድ ኪሎ የመስታወት ጭረት ምንጣፍ ለመሥራት 54.7 ሜጋ ጁል ኃይል ይፈጃል፤ የተልባ ጭረት ምንጣፍ 9.6 ገደማ። የእኔን ቃጫ በተልባው ልክ ብቆጥረው እንኳ፣ 550 ግራም መስታወት በ550 ግራም ቃጫ ስተካ 25 ሜጋ ጁል አተርፋለሁ። ነገር ግን ቃጫው 600 ግራም ተጨማሪ ሬዚን ጠጣ። ፖሊስተር ሬዚን ለኪሎ ከ60 ሜጋ ጁል በላይ የሚፈጅ የነዳጅ ውጤት ነው፤ ስለዚህ 36 ጠፋ። ከፋይበር ግላሱ የባሰ ፓኔል ሠርቼ፣ «ተፈጥሯዊ» የሚል ስም ሰጥቼው ነበር ማለት ነው። ተክሉ ንጹሕ ነው። የሚያጣብቀው ነገር ግን ከተክሉ ይበልጣል፣ ሒሳቡንም ይዞት ይሄዳል።

የካቲት 14

የቁራጭ ከረጢቱን አየሁ። ከአንድ ፓኔል 400 ግራም ገደማ ቁርጥራጭ። ፖሊስተር አንዴ ከደረቀ መልሶ አይቀልጥም፤ ቃጫው ውስጡ ታስሮ ስለሆነ አይበሰብስም። አይቀልጥ፣ አይበሰብስ፤ ይቃጠላል እንጂ።

ይኸው ችግር ትራባንት የተባለው መኪና ላይም ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ዝዊካው ውስጥ ከ1957 እስከ 1991 እ.ኤ.አ. ሦስት ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል፤ የውጭ አካሉ ዱሮፕላስት ይባላል፣ የጥጥ ቁርጥራጭ በፊኖል ሬዚን ተጨምቆ። አይዝግም፣ ብረት በጠፋበት ዘመን ጥሩ መላ ነበር። መኪናው ሲያረጅ ግን አካሉን የሚቀበል አልነበረም። ረዳቴ ሄንሪ ፎርድ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳየውን የሶያ መኪና ፎቶ በስልኩ አምጥቶ ነበር፤ በብረት ቱቦ ላይ 14 የፕላስቲክ ፓኔል፣ ከብረቱ መኪና በጣም የቀለለ። እሱንም አያይዞ የሚይዘው ሬዚን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ አሮጌ መኪና ክብደት 95 በመቶው ተመልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል፣ 85 በመቶው ደግሞ ዳግም እንዲሠራበት ወይም እንዲገጠም ይጠይቃል። የእኔ ፓኔል ይህን አያልፍም።

የካቲት 20

አዲስ ሐሳብ። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ቢ ኤም ደብሊው አይ 3 መኪና በር ሽፋን ውስጥ ኬናፍ አለ። በዚህ ዓይነት ሥራ ጭረቱ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ጋር ተነባብሮ በሙቀት ይጨመቃል፤ ፈሳሽ ሬዚን የለም። ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ ጎንደር ውስጥ ሞልቷል፤ የማዳበሪያ ከረጢት ነው! ነጩ፣ የተሸመነው። 165 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ቃጫ ከ200 በላይ ማረር ይጀምራል፤ ስለዚህ የምጫወተው በ35 ዲግሪ መካከል ነው።

ያገለገለ ከረጢት አንዱ 20 ብር፣ ክብደቱ 85 ግራም ገደማ። ውስጡ ያለው ስስ ላስቲክ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ይወጣል። የዩሪያ ቅሪት ስላለ ይታጠባል፤ ያጠብኩበትን ውሃ እናቴ ጓሮ ለጎመን አፈሰስኩት። ፀሐይ የበላው ከረጢት አይሆንም፤ ሲጠመዘዝ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮታኮታል።

የካቲት 27

ሙቀቱን ከየት? የእናቴን የኤሌክትሪክ ምጣድ ተዋስኩ። ሁለት ላሜራ መሐል 40 በ40 ናሙና አስገብቼ ምጣዱ ላይ አስቀመጥኩ፤ 25 ደቂቃ ቆየሁና በላዩ ላይ በክሪክ ጫንኩት። ምጣዱ ተሰነጠቀ፤ የሽቦው ቦይ ድረስ። እናቴ «ምጣዱ ለእንጀራ እንጂ ለብረት አልተሠራም፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አሉ። በማግስቱ አዲስ ገዝቼ ሰጠኋቸው።

ናሙናው ግን ተያይዟል። መሐሉ ቡናማ፣ ሽታው የተቃጠለ ገመድ፤ ጠርዙ ግን ጥሩ ሰሌዳ ሆኗል። ስለዚህ መንገዱ ይህ ነው፤ ማሞቂያውና መጭመቂያው መለየት አለባቸው።

ላሜራው ላይ እንዳይጣበቅ ምጣድ እንደሚታሰሰው በጎመን ዘር አሰስኩት። ተላቀቀ። ቪኒሉን በኮላ ልለጥፍ ስል ግን ዘይቱ ፊቱን ይዞት ኮላው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ከዚህ በኋላ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት።

መጋቢት 12

ሁለት ያገለገሉ ምጣዶች፣ 5,600 ብር። ጎን ለጎን 116 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ ለበሩ ልክ። በላያቸው 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት፣ 43 ኪሎ ገደማ፣ በራሱ እግር የሚቆም፣ ሸክላውን የማይጫን። መጭመቂያው ከአሮጌ ሻንሲ የተበየደ ፍሬም፣ ሁለት ባለ 10 ቶን ክሪክ። እስከ አሁን ከኪሴ የወጣው 19,000 ብር አካባቢ፤ ከዚህ ውስጥ ሬዚኑና ሶዳው ተመልሶ የማይመጣ ነው።

ሁለቱ ምጣድ አንድ ላይ ሲበሩ 7 ኪሎ ዋት ይስባሉ፤ ብሬከሩ ወደቀ። ለየብቻ መስመር አዘረጋሁ። በከሰል ማድረግ ይቀል ነበር፤ ብዙ ሰው መከረኝ። ከሰሉ ግን ከዛፍ ነው። የቃጫውን ጥቅም በዛፍ መልሼ መክፈል አልፈለግሁም። አገሩ ላይ ያለው መብራት አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፤ ይህ እዚህ ያለ ሰው ያገኘው ዕድል ነው፣ ፓኔሉ በድንጋይ ከሰል መብራት በሚጨመቅበት አገር ሒሳቡ ሌላ ነው።

መጋቢት 19

ሙሉ ፓኔል፣ ሙከራ አንድ። ክብ ምጣድ፣ አራት ማዕዘን ብረት፤ ጥጎቹና ሁለቱ ምጣዶች የሚገናኙበት ወገብ ቀዝቃዛ ቀሩ። በጨረር ቴርሞሜትር መሐሉ 195፣ ጥጉ 138። ጥጎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተገላለጡ።

ሙከራ ሁለት። ከአሮጌ ምድጃ የወጣ የመስታወት ሱፍ ከላይ አለበስኩ፣ 15 ደቂቃ ጨመርኩ፣ ግማሽ ላይ ሁለት ሆነን ገለበጥነው። መሐል 188፣ ጥግ 168። አሁን ደግሞ አበጠ፤ ቡጉር ቡጉር አወጣ። ቃጫው እርጥበት ይዞ ነበር፤ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ነው። ደረቅ የሚመስል ቃጫ እንኳ ከአየር ውሃ ይስባል።

ሙከራ ሦስት። ቃጫውን ከመነባበሩ በፊት ሞቃት ብረቱ ላይ 20 ደቂቃ አደረቅሁት። ጥሩ ወጣ፤ ነገር ግን ቸኩዬ ትኩሱን አወጣሁትና እንደ እንቅብ ጎበጠ። ክሪኩ ሥር እያለ እስኪበርድ መተው ነበረበት።

መጋቢት 26

ሙከራ አራት። ስምንት ከረጢት፣ 650 ግራም ቃጫ፣ ተራ በተራ፤ አንዱ ድርብ ቁመቱን፣ ቀጣዩ አግድሙን። ሳይታጠብ፣ ያለ ሶዳ። አደረቅሁ፣ አሞቅሁ፣ ወደ ክሪኩ በሩጫ አስገባን፣ አንድ ሰዓት ተውነው።

ሳወጣው ፊቱ ላይ ቃጫው በቀለጠው ፕላስቲክ ሥር እንደ ፀጉር ተጋድሞ ይታያል፤ አንድ ቦታ የከረጢቱ ሰማያዊ ጽሑፍ ጭላንጭል ቀርቷል። ሲንኳኳ እንደ ጣውላ ይጮኻል። ከተከረከመ በኋላ 1.25 ኪሎ፣ ውፍረት 2.3 ሚሊ ሜትር። ቆጣሪው 4.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጥሯል። የዕቃ ወጪ፦ ቃጫ 104፣ ከረጢት 160፣ ወረቀት 90፤ በድምሩ 354 ብር። የሬዚኑ ፓኔል ለሬዚን ብቻ 1,521 ብር ወስዶ ነበር።

ከተልባ አገዳም ሞክሬ ነበር፤ ከዳባት አንድ ሸክም አስመጥቼ። ለዘይት የሚዘራ ተልባ ጭረቱ አጭር ነው፣ እንጨቱ ደግሞ አልለቅ አለ። ተውኩት። እምቦጭ ሞክር ያሉኝም አሉ፤ እምቦጭ ከዘጠና በመቶ በላይ ውሃ ነው፣ ደርቆም ደካማ ነው፤ ጣናን ለማጽዳት ሌላ ምክንያት ይበቃል።

ሚያዝያ 6

ሰው የሚቀመጥበት መኪና ውስጥ ስለሚገባ እሳቱን ፈተሽኩ። የአሜሪካው የመኪና ውስጥ ዕቃ ደንብ፣ ኤፍ ኤም ቪ ኤስ ኤስ 302፣ በአግድም የተያዘ ቁራጭ ላይ እሳት በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይጓዝ ይላል። ቁራጩን በሞርሳ ይዤ ጫፉን ለኮስኩ፤ 25 ሴንቲ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ሄደ፣ በደቂቃ 31 ማለት ነው። ቤተ ሙከራ አይደለም፣ ነፋስም ነበር። ግን እያንጠባጠበ ነው የሚነድደው፤ ይህን አልወደድኩትም። የጭስ ማውጫ አጠገብ አይገጠምም።

ሚያዝያ 9

ተገጠመ። ሹፌሩ «ስንት ነዳጅ ይቆጥብልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። መኪና በክብደት 10 በመቶ ሲቀል ነዳጁ ከ6 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል ይባላል። የእኔ ፓኔል ከማዞኒቱ በ600 ግራም ቀለለ፤ ሚኒባሱ ባዶውን 1,700 ኪሎ አካባቢ ነው። በቀን 30 ሊትር ቢፈጅ በዓመት የሚተርፈው ሁለት ሊትር ገደማ ነው። ስለ ተክል መኪና ሲወራ ቅለቱ ነው ከፊት የሚነገረው፤ ፋብሪካው መቶ ዕቃ አብሮ ሲያቀል እውነት ይሆናል፣ አንድ በር ላይ ግን አይደለም። ሹፌሩ አሰበና «ክረምቱን ከቻለ ይበቃኛል» አለ።

ነሐሴ 22

ከአራት ወር በኋላ፣ ዝናቡ ገና ሳይወጣ ፈታሁት። 1.25 የነበረው 1.31 ኪሎ ሆኗል። ፊቱ እንዳለ ነው፣ አልጎበጠም። ችግሩ የተቆረጠው ጠርዝና የብሎኑ ቀዳዳ ላይ ነው፤ ትራፓኖው የገለጠው የቃጫ ጫፍ ውሃ እየሳበ በአንድ ሚሊ ሜትር አብጧል፣ ታችኛው ቀዳዳ ዙሪያ ጥቁር ሻጋታ ይዟል፣ ይሸታል። ጠርዙን አልደፈንኩም ነበር። ማሰብ ነበረብኝ፤ ማዞኒቱም የሞተው በዚያው በኩል ነው።

አሁን ጠርዙን በከረጢት ጥብጣብ ከብቤ በጋለ ካውያ አቀለጥኩበት። ቀዳዳውን ከመብሳት ይልቅ በጋለ ብረት ወጋሁት፤ ፕላስቲኩ ራሱ ዙሪያውን ደፈነ። ይህ ከመጀመሪያው ሊደረግ የሚገባ ነበር።

ነሐሴ 27

የአራቱን ሙከራ ቁርጥራጭና ጥጎቹ የተገለጡበትን ፓኔል ቆራርጬ፣ አድርቄ መልሼ ጨመቅኋቸው። ጭረቱ ስላጠረ እንደ መጀመሪያው አይጠነክርም፤ በጉልበት ሲጫኑት ተሰነጠቀ። ለበር አይሆንም፣ ለስፒከር ሽፋንና ለመሣሪያ ሳጥን ክዳን ግን ሆነ። የፖሊስተሩ ቁራጭ ከረጢት አሁንም ግድግዳው ሥር ነው፤ የምሰጠው ቦታ አላገኘሁም።

ሹፌሩ የፊት ሁለቱን በር አዘዘ። እነሱ ጠፍጣፋ አይደሉም፤ የእጀታ ጉድጓድ አላቸው። ወንድና ሴት ሆኖ የሚገጥም ቅርጽ ማውጫ ከብረት መበየድ አለብኝ። ቃጫ ለቅዳሜ ሁለት ኪሎ አዝዣለሁ፤ እናቲቱ ያልተገመደውን ለብቻ ማስቀመጥ ጀምረዋል።